ገብሱ ለእንግዳው የሠራው ክፍል

አንድ ሰው ነበረ፤ ብርድ በማይለየው ደጋ ላይ ገብስ የሚዘራ፣ ከእጁ የወጣውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው።

አባባ ገብረየስ ነገራቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ፀዳለ ግን የጠየቀቻቸው ስለ ገብስ አልነበረም። ፀዳለ የበግ ጠጉር እያስፈተለች ባና፣ ወፍራሙን የጠጉር ብርድ ልብስ፣ የምታሠራ ሴት ናት። የምታምነው ሠራተኛዋ ጠጉሯን እያሾለከ ለሌላ ሲሸጥ ደረሰችበት። ከዚያ ወዲያ እሱን ብቻ አላሰናበተችም፤ ፈታዮቿን ሁሉ አሰናበተች። አሁን ብቻዋን ታባዝታለች፣ ብቻዋን ትፈትላለች፤ ለሸማኔው የምታደርሰው ክርም ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሄዷል። ሰሞኑን ደግሞ ከሌላ አጥቢያ አንዲት ፈታይ መጥታ «ቤትሽ ገብቼ ልሥራ፤ ከሚገኘው ታካፍዪኛለሽ» አለቻት። ፈታይዋ መልሱን ነገ ጠዋት ልትሰማ ቀጠሮ ይዛለች። ፀዳለ እንቅልፍ ያጣችበትን ነገር ይዛ ወደ ሽማግሌው የመጣችው ለዚህ ነው።

«ከእኔ ሊበላ የመጣውን፣ ከእኔ ጋር ሊበላ ከመጣው በምን ልለየው?» አለች።

አባባ ገብረየስ በልጅነታቸው የሰው ጭነት ተሸካሚ ነበሩ፤ ዛሬ ግን በገበያው የጠጉር ዋጋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቃል ሲያወጡ እንኳ እንደ ጨው እየመዘኑ ነው። «ገብስ የሚዘራ ሰው ነው ያልኩሽ» አሉና ቀጠሉ።

ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ያለው አንድ ማሳ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው፣ ከተራራው ግርጌ ተዳፍቶ የተኛ ጥቁር መሬት። እሱም ሚስቱም ልጆቹም የሚያድሩት በዚያ ማሳ ነው። ስለዚህ ማሳውን እንደ ዘበኛ ይጠብቅ ነበር። ወፍ ሲወርድ ወንጭፍ ያነሣል። የሰው በግ ቢገባ ባለቤቱ ደጅ ድረስ ሄዶ ይወቅሳል። በአገሩ ደንብ እሸት ለመንገደኛ አይከለከልም፤ እሱ ግን መንገደኛው እሸት ቀጥፎ ሲያልፍ ቆሞ ያየዋል፤ እሸቱ መንገደኛው ጉሮሮ ላይ እንዲቆም አድርጎ ያየዋል። «ያልዘራ አፍ የነካው ሁሉ የተሰረቀ ነው» ይል ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና የማሳው ታችኛው ጥግ ውኃ አቆረ። እዚያ የነበረው ገብስ ቢጫ ሆነና ወደቀ። ሰውዬው ነቅሎ ሥሩን ቢያየው ጠቁሮ በስብሷል፤ ነጭ ሻጋታም ለብሷል። ደንግጦ ወደ ላይ ወጣ። ደህና ከቆመው ገብስ አንዱን ከነአፈሩ ቆፍሮ አወጣ። ሥሩ ጤነኛ ነው። አፈሩን በጣቱ ቀስ እያለ ሲፈለፍለው ግን ከሥሩ የወጣ፣ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር አየ። ክሩ የአፈሩን ፍርፋሪ እንደ ዶቃ ሰክቶ ይዟል። ሌላ ነቀለ፤ አለ። ራቅ ብሎ ሌላ ነቀለ፤ እዚያም አለ። ማሳው በሙሉ በድር ተይዟል።

ሰውዬው እዚያው ተቀምጦ አሰበ። ይህ ነገር ሕይወት ካለው ይበላል። ከገብሴ ሥር ከተጣበቀ የሚበላው ገብሴን ነው። ገብሴን ከበላ የሚበላው ልጆቼን ነው። ሒሳቡን ደጋግሞ አየው፤ ስሕተት አጣበት። በእርግጥም በቆጠረው በኩል ስሕተት አልነበረውም። ባልቆጠረው በኩል ግን ነበረ።

ከወሰኑ ማዶ የሚያርስ አንድ ጎረቤት ነበረው፤ ቀልድ የሚወድ፣ ለምንም ነገር የማይቸኩል ሰው። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ስለነበራቸው በመቀናጆ ነበር የሚያርሱት፤ ጥማዱ ዛሬ ለዚህኛው ይውላል፣ ነገ ለዚያኛው።

«ና እስቲ ይህን እይ» አለው ሥሩን እያሳየ።

ጎረቤቱ አጎንብሶ አየ። «ድር ነው።»

«አንተስ ማሳ ውስጥ አለ?»

«እኔ እንጃ። እኔ የምበላው ላይኛውን ነው፤ ታችኛውን ቆፍሬ አላውቅም።»

«ሥሩን እየበላው እኮ ነው።»

«ይብላዋ። ሳይበላ የሚኖር አይተሃል? አንተም እየበላኸው ነው።»

«እኔ ዘርቼ ነው። ይኼ ምን ዘራ?»

«እንግዲህ እሱኑ ጠይቀው» አለና ጎረቤቱ በሬዎቹን እየነዳ ሄደ።

በዚያ አገር አንድ የቆየ ልማድ አለ። መሬቱ ብርዳምና ከባድ ስለሆነ፣ ብዙ ዘመን ጦም ያደረውን መሬት በበጋ ያርሱትና አፈሩን ከነሣሩ እዚህም እዚያም ይከምሩታል። በክምሩ ሆድ ኩበትና ደረቅ ሣር ይጨምሩና እሳት ይለኩሱበታል። እሳቱ አይንቦገቦግም፤ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ክምሩ ሲጤስ ይሰነብትና ጥቁሩ አፈር እንደ ሸክላ ቀልቶ ይወጣል። ያንን በትነው ገብስ ይዘሩበታል፤ ገብሱም ያምርበታል። ነገር ግን አባቶች እንዲህ የሚያደርጉት በቁራሽ መሬት ላይ ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ከዘሩበት በኋላም ለረጅም ዘመን ያሳርፉታል። «ያጋየኸውን ለልጅህ ተወው» ይባላል። ለምን እንደሚተው የሚያስረዳ አልነበረም፤ ሲባል የኖረ ነው፤ ይባላል።

ሰውዬው ከልማዱ እሳቱን ወሰደና ዕረፍቱን ተወው።

«ማሳውን በሙሉ?» አለችው ሚስቱ።

«በሙሉ። ሌባ ሲፈለግ ግማሽ ቤት ከተፈተሸ ሌባው ወደ ሌላው ግማሽ ይገባል።»

«እሺ፣ መሬቱ ሲያርፍ ምን እንበላለን?»

«አያርፍም።»

«የድሮዎቹ የሚያሳርፉት ታዲያ ሞኝ ሆነው ነው?»

«ብዙ መሬት ስለነበራቸው ነው።»

ሚስቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተናገረው ግማሹ እውነት ነበር፤ ግማሽ እውነት ደግሞ አፍ ያስይዛል።

ማሳው ተቃጠለ። ጭሱ መንደሩን አልፎ ተራራው ወገብ ላይ ተኛ። ክረምት ሲገባ ሰውዬው ዘራ፤ ገብሱም እንደ ሸንበቆ ተመዘዘ። ያን ዓመት እንደሱ ያፈሰ አልነበረም። ሥር ነቅሎ አየ፤ ድር የለም። ከትርፉ ሁለተኛ በሬ ገዛና ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ መቀናጆው እንዲቀር ነገረው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ጎረቤቱ።

«ምንም። ጥማድ ሞልቶልኛል። የአንተ በሬ በእኔ ቀን የእኔን ድርቆሽ ሲበላ ለምን ልይ?»

ጎረቤቱ ጢሙን አሻሸ። «እንግዲህ እኔም ድር ነኛ» አለና በሬውን ፈትቶ ወሰደ።

በሁለተኛው ዓመት ገብሱ እስከ ጉልበት ብቻ ደረሰ። ሰውዬው ዝናቡን ወቀሰ። በሦስተኛው ዓመት ከቁርጭምጭሚት ብዙም ከፍ ሳይል ቀረ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ብርድ እንደመታው ከንፈር ወይን ጠጅ ሆነ፤ ዛላው ሲታሽ ገለባ ብቻ ነው። ሁለተኛው በሬ ወደ ገበያ ሄዶ እህል ሆኖ ተመለሰ፤ እህሉም አላዘለቀም። ከወሰኑ ማዶ ያለው የጎረቤቱ ገብስ ግን እንደ ወትሮው፣ ሳይበዛም ሳያንስም፣ እስከ ወገብ ቆሟል።

ሚስቱ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረችው። «የሚመጣው አዝመራም እንዲሁ ከሆነ ልጆቹን ይዤ ወንድሞቼ ዘንድ እገባለሁ። አንተም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተህ የሰው ቤት ሥራ ፈልግ። የሚቀበልህ እኩል አራሽ ከተገኘ ነው ደግሞ።»

ሰውዬው ወጥቶ ማሳውን ዞረ። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘሩ ተበላሽቷል። ከዘሩ ቋጠሮ ይዞ ከተማ ወደሚገኘው የዘር ምርምር ጣቢያ ሄደ። እዚያ የእህል ሥር የምታጠና አንዲት ባለሙያ አገኘ። ዘሩን ተቀበለችውና ከማሳው አንድ ጆንያ አፈር እንዲያመጣላት ጠየቀችው።

«አፈሩ ምን ያደርግልሻል ልጄ? የታመመው ዘሩ ነው።»

«አባቴ፣ ሕመምተኛውን ከነመኝታው ልየዋ» አለችው።

አፈሩን አመጣላት። በጋውን ሙሉ ጠብቆ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ተመልሶ ሄደ። ባለሙያዋ ሁለት ጣሳ አቀረበችለት። በሁለቱም ገብስ በቅሏል። አንዱ የሱን ማሳ ገብስ ይመስላል፤ አጭር፣ ጠርዙ ወይን ጠጅ። ሌላው አረንጓዴና ሰፊ ቅጠል ነው።

«ይኸኛው የማን ዘር ነው?» አለ አረንጓዴውን እያሳየ።

«የእርስዎ። የሁለቱም ዘር የእርስዎ ነው፤ የሁለቱም አፈር የእርስዎ ነው። እዚህኛው ላይ ግን ከሜዳ ያመጣሁትን አንድ እፍኝ አፈር ቀላቀልኩበት።»

«ማዳበሪያ አለው?»

«የለውም። እርስዎ ያቃጠሉት ነገር ነው ያለው።»

ሥሩን አጠበችና ቀለም ውስጥ ነክራ በአጉሊ መነጽር አሳየችው። ሰውዬው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። የሥሩ ገላ እንደ ጡብ ግድግዳ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው። በአንዳንዱ ክፍል ውስጥ ቅርንጫፉ የበዛ፣ በጣም ትንሽ ዛፍ ቆሟል። ከዛፉ ግርጌ የሚወጣው ክር ክፍል ለክፍል እያለፈ ወደ ውጭ፣ ወደ አፈሩ ይሄዳል። ያውቀዋል፤ ያ ድር ነው።

«ውስጡ ድረስ ገብቷል» አለ በቀስታ። «ማን አስገባው?»

«ገብሱ ራሱ። በዘሩ ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ትእዛዝ አለ፤ ዘረመል እንለዋለን። ብዙው ትእዛዝ ተኝቶ ነው የሚኖረው። ሥሩ ሲርበው አንዱ ይነቃል፤ ሥሩም ወደ አፈሩ ጠረን ይለቃል፤ ‹ቸግሮኛል› እንደማለት ነው። ይኼ ድር፣ ይኼ ፈንገስ፣ ጠረኑ ሲደርሰው መልስ ይልካል። መልሱ ሲመጣ ሌሎቹም ትእዛዞች ተራ በተራ ይነቃሉ። ያኔ ሥሩ ቆዳውን ይከፍትና ለእንግዳው በገላው ውስጥ ክፍል ያሰናዳለታል።»

«ከዚያ ይበላዋል።»

«ይበላዋል። ገብሱ በቅጠሉ የሠራውን ስኳርና ቅባት ይበላል።»

«ብዬ ነበር» አለ ሰውዬው፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

«ልክ ብለዋል። የሚያመጣውን ግን አልቆጠሩም። ክሩ ሥሩ ከማይደርስበት ድረስ ሄዶ ፎስፈረስ ለቅሞ ያመጣለታል። የእርስዎ ገብስ ወይን ጠጅ የሆነው ያንን አጥቶ ነው። እሳቱ በመጀመሪያው ዓመት አፈሩን አጠገበው፤ የጠገበ ሥር ደግሞ አይጣራም፤ ማንም አልጎደለበትም። በሁለተኛው ዓመት ራበውና ተጣራ። በሦስተኛውም ተጣራ። ዘርዎ ምንም አልረሳም አባቴ። የሚሰማው ነው የታጣው።»

ሰውዬው ዓይኑን ከመነጽሩ አነሣ። ከዚያ በእሱ ልብ ውስጥ ከሁሉ በላይ ይመላለስ የነበረውን ጠየቀ። «የታችኛው ጥግ ገብሴ እኮ በስብሶ ነበር። እሱን የበላው ሻጋታም ይኸው ነው?»

«አይደለም። እሱ ሌላ ነው፤ ውኃ ሲቆም ይበረታል። ቦይ ቢቀዱለት ይበቃው ነበር። አይጥ ልይዝ ብለው ጎተራ ነው ያቃጠሉት።»

«ያ ሌባው ታዲያ፣ የደጉን መልስ አስመስሎ ቢልክለት ገብሱ በምን ያውቃል?»

«አስመስሎ የሚልክም አለ። ገብሱም በደጅ ሁልጊዜ አይለየውም» አለች ባለሙያዋ። «ግን ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ዕድሜዋም አጭር ነው። እዚያች ክፍል ውስጥ ፎስፈረስ እየመጣ ከሆነ ገብሱ ማብላቱን ይቀጥላል። ባዶ እጁን የተቀመጠ ከሆነ ክፍሏን ከነእንግዳዋ ያፈርሳታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ለሌላው ይሠራል።»

«ይቆጥራል ማለት ነው።»

«ይቆጥራል።»

«የሚወጣውንም የሚገባውንም?»

«ሁለቱንም።»

ሰውዬው በአገሩ ቆጣሪ የሚባለው እሱ ነበር። ጣሳው ውስጥ ያለውን ገብስ አየው፤ ከቅጠል በቀር ምንም የለውም፤ ዓይን የለውም፣ ጆሮ የለውም። ይህ ነገር ከእኔ ይልቅ ሒሳብ ያውቃል ብሎ አሰበ፤ ነገሩ ያሳፍረኛል ብሎ ሲጠብቅ ቀለል አለው።

ባለሙያዋ ማድረግ ያለበትን ነገረችው። ክሩ በራሱ ከዳር ተነሥቶ ማሳውን እስኪያዳርስ ብዙ ዘመን ይፈጃል፤ ስለዚህ እሳት ያልነካው፣ ገብስ ሲበቅልበት የኖረ አፈር ከቅርብ አምጥቶ ከዘሩ ጋር በየትልሙ እፍኝ እፍኝ ይጨምር። ከእንግዲህ አያቃጥል። ጥጉ ላይ ቦይ ይቅደድ።

ሰውዬው መንገድ ሲገባ ደስ ብሎት ነበር። ተራራው ሲታየው ግን ደስታው ቀነሰ። እሳት ያልነካው፣ ገብስ የኖረበት አፈር በቅርብ የሚገኘው ጎረቤቱ ማሳ ውስጥ ብቻ ነው። በአገሩ እሳት ይጫራል፣ ዘር ይበደራል፣ በሬ ይዋሳል፤ አፈር ግን አይጠየቅም። አፈር ተሸክሞ ወሰን የሚሻገር ሰው ወሰን ገፊ ነው፤ በእርግማን የሚታሰብ ነው።

«ለምርጊት ነው በለው» አለችው ሚስቱ። «ግድግዳው ተቦድሷል፣ ጭቃ ላቦካ ነው በል።»

ሰውዬው ይህን አሰበበት። ለምርጊት ቢል አንድ ቅርጫት ያገኛል፤ ለማሳው የሚበቃውን ግን አያገኝም። እንዲያውም አስቦበት ሳይጨርስ ያች የጠረኗ ነገር ትዝ አለችው። ያ ሥር ሲጣራ ምርጊት ነው አላለም። ሰውዬው በዕድሜው ለማንም ተናግሮት የማያውቀው አንድ ቃል ነበር። ባዶ ቅርጫቱን አንሥቶ፣ ፀሐይ ወጥታ መንደሩ ሁሉ እያየው፣ ጎረቤቱ ደጅ ቆመ።

«ቅርጫት ልትሸጥልኝ ነው?» አለ ጎረቤቱ ከግቢው ሆኖ።

«ቸግሮኛል» አለ ሰውዬው።

«ምን አልክ?»

«ሰምተሃል። ሁለቴ አታስብለኝ።»

«አይ፣ ያለኸው አንተ መሆንህን ላጣራ ብዬ ነው።» ጎረቤቱ ወደ በሩ ቀረበ። «ምን ልስጥህ፤ እህል?»

«አፈር።»

የጎረቤቱ ፊት ጠቆረ። ሰውዬው ቸኩሎ ያየውን ሁሉ ነገረው፤ ጣሳዎቹን፣ ትንሿን ዛፍ፣ ክሩ የሚያመጣውን። ጎረቤቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ፈገግ አለ።

«እንግዲህ ሻጋታዬን ልትለምን ነው የመጣኸው።»

«ሻጋታህን።»

«ያንን ሌባውን።»

«አዎ፣ ያንን ሌባውን።»

ጎረቤቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «አፈር ወሰን ሲሻገር አይቼ አላውቅም። ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ፤ ጥማድ ሲሞላልህ በሬዬን አስፈትተህ የሰደድከኝ ሰው ነህ። ዛሬ በቅርጫት ብሰጥህ፣ ነገ ‹አፈሩ የእኔ ነው፤ ወሰኑም እስከዚህ ነው› ብትለኝስ? በምን አውቅሃለሁ?»

ሰውዬው ምሎ ሊያሳምነው አሰበና ተወው። መሐላ በደጅ የሚሰጥ ነገር ነው። «አታውቀኝም» አለ። «ስለዚህ ብዙ አትስጠኝ። አንድ ቅርጫት ስጠኝ። ነገ በሬዬን ይዤ እመጣለሁ፤ አንተ ማሳ ላይ ይጠመዳል። ከመጣሁ ሁለተኛ ቅርጫት ትሰጠኛለህ። ከቀረሁ ያጣኸው አንድ ቅርጫት አፈር ነው።»

«በሬህ ከስቷል እኮ።»

«ከስቷል።»

«ድርቆሼን ሊበላ ነዋ።»

«ሊበላ ነው።»

 ጎረቤቱ ዶማውን ከግድግዳው አወረደ። «ና» አለው፤ «ከላይኛው ጥግ እንቆፍር። እዚያ ነው ገብሱ የሚጎለምሰው።»

በማግሥቱ ሰውዬው በሬውን ይዞ ሄደ። ማታ ሲመለስ አንድ ቅርጫት አፈር ተሸክሞ ነበር። ጥማድ በዋለ ቁጥር አንድ ቅርጫት፤ ባልዋለ ቀን የለም። አፈሩ ማሳውን በሙሉ አላዳረሰም፤ ዝናቡ ቀደመው። ያለውን ከዘሩ ጋር በትልሙ ዘራ፤ የጎደለውን ያለ አፈር ዘራ።

ገብሱ ሲበቅል ማሳው ከሩቅ ላየው ጥለት የገባበት ልብስ ይመስል ነበር፤ አንዱ ትልም አረንጓዴ፣ ሌላው ወይን ጠጅ። መንደሩ ቆሞ ያይ ነበር። አረንጓዴው አፈራ። ጎተራ አልሞላም፤ ግን አዘለቀ። ሚስቱ የወንድሞቿን ነገር መልሳ አላነሣችም፤ መሬቱም ለእኩል አራሽ አልተሰጠም። በተከታዩ ዓመት ከአረንጓዴው ትልም ወደ ወይን ጠጁ አፈር የሚያሸጋግረው ሰውዬው ራሱ ነበር፤ የጎረቤቱ አፈር ባያስፈልገውም መቀናጆው ግን ቀጠለ።

አባባ ገብረየስ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ፀዳለ ዞሩ።

«እኔ ሰውዬው ነኝ ማለትዎ ነው» አለች ፀዳለ ቅር እያላት።

«እስካሁን ሰውዬው ነሽ።»

«የሰረቀኝ እኮ እውነተኛ ሌባ ነበር አባባ።»

«እውነተኛ ሌባ ነበር። የጥጉ ገብስም እውነት በስብሶ ነበር፤ ሰውዬው አልዋሸም። ሌሎቹ ፈታዮችሽ ግን ምን ወሰዱብሽ?»

 የሽማግሌው ደጅ ላይ የሚጫን አህያ ቆሞ ነበር፤ ፀዳለ እሱን አየች።

«ይችኛዋስ ብትሰርቀኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ልትሰርቅሽ ትችላለች» አሉ አባባ ገብረየስ። «እኔ ፊቷን አይቼ አልነግርሽም፤ አንቺም ፊቷን አይተሽ አታውቂያትም። በምን ልለየው ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ። በደጅ አይለይም ልጄ፤ ገብሱም በደጅ ሁልጊዜ አልለየውም። የሚለየው በክፍል ነው። ደጁን ዘግተሽ ስትመረምሪ ክረምቱ ያልፍብሻል፤ ቤትሽን በሙሉ ከፍተሽ ከሰጠሻትም ሞኝ ነሽ። ለአንድ ባና የሚበቃ ጠጉር መዝነሽ ስጫት። እንደቸገረሽም ንገሪያት፤ ነውር የለበትም። የሰጠሻትንም ያመጣችልሽንም ቁጠሪ። ካመጣች ጨምሪላት። ካላመጣች ያችን ክፍል አፍርሺባት፤ ቤቱን ግን አታቃጥዪው። ብትሰርቅሽ የምታጪው የአንድ ባና ጠጉር ነው፤ እሱን ቆጥረሽ ታውቂዋለሽ። ከደጅ ብትመልሻት የምታጪውን ግን እንኳን አንቺ፣ እኔም ቆጥሬ አልደርስበትም።»